የኪሎ ሜትር ዕቁብ

ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ አጎቴን ልጠይቅ ሁርሶ ሄጄ ነበር። ሁርሶን ብዙ ሰው የሚያውቃት በወታደር ማሠልጠኛዋ ነው። እኔ የማውቃት ግን በባቡር ጣቢያነቷ ነው። ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ አዋሽ ይወርድ ለነበረው ለድሮው ባቡር ከመጀመሪያዎቹ ጣቢያዎች አንዷ እርሷ ነበረች። አጎቴ የተወለደው እዚያ ነው፤ አባቱ የሐዲድ ሠራተኛ ነበሩ። እርሱ ደግሞ ድሬዳዋ በሚገኘው የባቡር ጥገና ወርክሾፕ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሠርቶ ጡረታ ሲወጣ ወደ ትውልድ ቀዬው ተመለሰ። ሽማግሌ ሰው «እርሱ» እያልኩ ስጽፍ አትታዘቡኝ። በድሬዳዋ ሽማግሌውም ሕፃኑም «አንተ» ነው። አንድ ቀን ተሳስቼ «አንቱ» ብለው «ምን አጠፋሁ?» ብሎ ደንግጧል።

የወሰደኝ የልጅ ልጁ ነው። ይህ ልጅ ለዓመታት ባጃጅ ነድቶ፣ ዕቁብ ጥሎ፣ ከዘመድ ተበድሮ የኤሌክትሪክ መኪና ገዝቷል። አዲስ አይደለም። ቻይና ውስጥ ሲሠራበት ቆይቶ የመጣ ነው። ልጁም ድሬዳዋ ውስጥና ወደ ሐረር ኮንትራት እየሠራበት ቆጣሪው 180,000 ኪሎ ሜትር አልፏል። ከከተማ እንደወጣን ሙቀቱ በረታ። «ኤሲውን ክፈተው እንጂ» አልኩት።

«አቦ ቻርጅ ይበላል! መመለስ የለብንም እንዴ?»

«ገና ሠላሳ ፐርሰንት አለህ አይደል?»

«እሱ ሠላሳ ውሸት ነው» አለኝ ስክሪኑን እያየ። «ሠላሳ ይልሃል፤ አንድ ዳገት ስትወጣ አምስት ይሆናል። ከዚያ ቀጥ ይላል።»

ነገሩ ከጀመረው ሁለት ወር ሆኖታል። ጋራዥ ወስዶት ነበር። ኮምፒዩተር ሰክተው አዩለትና «ባትሪው ሞቷል፤ ሙሉውን መለወጥ ነው» አሉት። የጠሩለት ዋጋ የመኪናውን ግማሽ ያህል ነው። ልጁ የመኪናውን ዕዳ ገና አልጨረሰም። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ድምፁ አይሰማም ነበር። መኪናውም ድምፅ የለው፤ በዚያ በረሃ ሁለቱም ዝም ብለው ይሄዳሉ።

የኤሌክትሪክ መኪና አገራችን እንዴት እንደገባ ታውቃላችሁ። በሐምሌ 2012 ዓ.ም. የኃይሌ ገብረ ሥላሴ ማራቶን ሞተር የሃዩንዳይን የኤሌክትሪክ መኪና እዚሁ ገጣጥሞ አሳየን። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ታክስ አነሣ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ከውጭ እንዳይገባ መከልከሉ ተነገረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነዳጁን የምንገዛው በዶላር ነው፤ መብራቱ ግን የወንዞቻችን ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የህዳሴው ግድብ ሲመረቅ ይህ ክርክር የበለጠ ጉልበት አገኘ። እኔም በሐሳቡ እስማማለሁ።

መኪናው ሲሸጥ ግን የሚነገረን ግማሹ ታሪክ ነው። «ዘይት የለው፣ ፊልትሮ የለው፣ ካንዴላ የለው፣ ፍሪሲዮን የለው፣ ጋራዥ አያውቅም» ይሉናል። ይህ እውነት ነው። የነዳጅ ሞተር ውስጥ የሚፋተጉት ክፍሎች እጅግ ብዙ ናቸው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ዋናው የሚዞረው አንድ ነገር ነው። የፍሬን ሸራ እንኳ ቶሎ አያልቅም። እግርህን ከነዳጁ፣ ይቅርታ ከመብራቱ፣ ላይ ስታነሣ ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ መኪናውን እያበረደ ባትሪውን ይሞላል። ልጁ ከገዛ ጀምሮ ሸራ አልለወጠም።

ሌላው ግማሽስ? ባትሪው ከባድ ስለሆነ ጎማ ቶሎ ይበላል፤ ቡሹና አሞርቲዘሩም ጭነቱን ይሸከማል። እንደማንኛውም መኪና ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ አለችው፤ እርሷ ከደከመች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ሆኖ መኪናው አይነሣም። ባትሪውን የሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ በጊዜው መለወጥ አለበት። የሞተሩ ኩሽኔታ ያልቃል። ቻርጅ የሚቀበለው ዕቃ ይቃጠላል። እነዚህ ሁሉ ግን የሚቻሉ ናቸው። የማይቻለው ከወለሉ ሥር የተኛው ትልቁ ባትሪ ነው።

ነዳጅ መኪና ወጪውን በየወሩ ይጠይቅሃል። ዛሬ ዘይት፣ ነገ ችንጋ፣ ከነገ ወዲያ ራዲያተር። ትነጫነጫለህ፤ ግን ትከፍላለህ። የኤሌክትሪክ መኪና ጨዋ ነው። ዓመት፣ ሁለት ዓመት፣ አምስት ዓመት አይጠይቅህም። ዝም ብሎ ይመዘግባል። አንድ ቀን ግን የተጠራቀመውን ሂሳብ በአንድ ወረቀት ያቀርብልሃል። የድሬዳዋው ልጅ የደረሰው ያ ቀን ነው።

ይህ ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና የትናንት ፈጠራ የሚመስለን ብዙዎች ነን። እ.ኤ.አ. በ1899 በሰዓት 100 ኪሎ ሜትርን ለመጀመሪያ ጊዜ ያለፈው መኪና የኤሌክትሪክ ነበር። ነጂው ቤልጅየማዊው ካሚል ዠናትዚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 አሜሪካ ውስጥ ከተሠሩት 4,192 መኪኖች 1,575ቱ የኤሌክትሪክ፣ 936ቱ ብቻ የቤንዚን ነበሩ፤ የቀሩት በእንፋሎት የሚሄዱ ናቸው። ኋላ ቤንዚን ረከሰ፤ የፎርድ መኪና በብዛት እየተመረተ ዋጋው ወረደ፤ በእጅ መዘወር ቀርቶ በኤሌክትሪክ የሚነሣ ሞተር መጣ። የኤሌክትሪኩ መኪና ደግሞ ያው የባትሪው ክብደት፣ የባትሪው ዋጋ፣ የባትሪው ዕድሜ እግሩን አሰረው።

በዚያ ዘመን ነገሩን በብልሃት የያዙ ነበሩ። በአሜሪካዋ የሃርትፎርድ ከተማ የመብራት ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ1910 እስከ 1924 ድረስ ለኤሌክትሪክ የጭነት መኪኖች ባትሪ ያከራይ ነበር። ባለ መኪናው መኪናውን ያለ ባትሪ ይገዛል። ባትሪውን ኩባንያው ይሰጠዋል፤ ሲያልቅ በተሞላ ይለውጥለታል፤ ሲያረጅም ጣጣው የኩባንያው ነው። ባለ መኪናው በየወሩ ትንሽ ነገርና በሄደበት ማይል ልክ ይከፍላል። ልብ በሉልኝ፤ ሰዎቹ የባትሪን ዕርጅና የኪሎ ሜትር ሂሳብ አድርገውት ነበር። ጎማ እንደሚያልቀው ባትሪም በየማይሉ እንደሚያልቅ ያወቁት ከመቶ ዓመት በፊት ነው።

ሙቀቱስ? ሁርሶ መንገድ ላይ የተከለከልኩት ኤሲ የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ2012 አሜሪካ ውስጥ በረሃማው አሪዞና የሚኖሩ የኒሳን ሊፍ ባለቤቶች ባትሪያችን ያለ ዕድሜው ደከመ ብለው ጮኹ። ያ መኪና ባትሪውን በፈሳሽ የሚያቀዘቅዝ ሥርዓት አልነበረውም። ኩባንያው ለባትሪው አቅም የአምስት ዓመት ወይም የ60,000 ማይል ዋስትና ጨመረ። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ አሮጌውን ለሚመልስ ሰው አዲሱ ባትሪ 5,499 ዶላር ነው ብሎ ዋጋ ቆረጠ። ሙቀት የባትሪ ጠላት መሆኑን ሰው በገንዘቡ ተማረ። ከዚያ ወዲህ አብዛኞቹ መኪኖች ማቀዝቀዣ ተገጥሞላቸዋል፤ ባትሪዎቹም ብዙ ተሻሽለዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 አንድ ጀርመናዊ በኤሌክትሪክ መኪናው 1 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ሞልቷል። ግን እዚያ የደረሰው ሞተርም ባትሪም እየተለወጠለት ነው። ያ ሰው የዋስትና ወረቀት ነበረው። የእኛው ልጅ ወረቀት ቻይንኛ ነው፤ ዋስትናውም የቻይናን ድንበር አይሻገርም። ከመንገዶቻችን ላይ የምናያቸው አንዳንዶቹ ሞዴሎች፣ ለምሳሌ የፎልክስዋገን አይዲ 6፣ ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠሩ ናቸው።

ሁርሶ ደረስን። ቡና ተፈላ። አጎቴ መኪናውን ዞሮ ዞሮ አየው። ከዚያ በርጩማው ላይ ተቀምጦ እንደ ዳኛ ምርመራ ጀመረ።

«ምኑ ነው የሞተው?»

«ባትሪው ነዋ!» አለ ልጁ።

«ባትሪው ስንት ነው?»

«አንድ ነው። ከሥር ያለው ትልቁ።»

«ማን ከፍቶ አየው?»

«ማንም።»

«ታዲያ አንድ መሆኑን በምን አወቅህ?»

ልጁ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። አጎቴ ቀጠለ። «እኛ ዘንድ አንድ ሎኮሞቲቭ ሲቆም ሎኮሞቲቩ ሞተ አይባልም። የቱ ኩሽኔታ? የቱ ሽቦ? ይባላል። ሎኮሞቲቩን ጣሉት የሚል ሰው ሠራተኛ አይደለም፤ ሻጭ ነው።»

አጎቴ ይህን የሚለው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። ድሬዳዋን የፈጠራት ጥገና ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ባቡሩ የተፈቀደው በ1886 ዓ.ም. ለአልፍሬድ ኢልግ በተሰጠ ውል ነው። ሐሳቡ ሐረር መድረስ ነበር። ዳገቱ ግን ከባድ፣ ወጪውም የማይቻል ሆነና ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ደርሶ ቆመ። ያ የቆመበት ቦታ ድሬዳዋ ሆነ። ኩባንያው ከሰረ፤ በሌላ ኩባንያ ተተካ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 780 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ነው። በዚህ ሁሉ መንገድ ላይ የተሰበረው ሁሉ የሚታከመው ድሬዳዋ ነበር።

ፈረንሳይ ዕቃ እስኪልክ ድረስ ባቡሩን አቁሞ መጠበቅ አይቻልም። መርከብ አለ፤ ጅቡቲ አለ፤ ጉምሩክ አለ። ስለዚህ ወርክሾፑ ብረት አቅልጦ ያፈስሳል፤ በቶርኖ ይቀርጻል፤ ይበይዳል። ለእንፋሎቱ ዘመን ውሃ በሌለበት ቆላ ውሃ እያዘጋጀ አሮጌ ማሽን ያስሄዳል። በ1940ዎቹ በናፍጣ የሚሠሩ ሎኮሞቲቮች ሲመጡ ደግሞ አዲስ ትምህርት መጣ። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር እዚህ ላይ ነው። እነዚያ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ናፍጣው ጄኔሬተር ያዞራል እንጂ መንኮራኩሩን አያዞርም። መንኮራኩሩን የሚያዞሩት የኤሌክትሪክ ሞተሮች ናቸው። አጎቴ በወጣትነቱ የሠራው የእነዚያን ሞተሮች ሽቦ መጠቅለል ነው። እኛ «አዲስ ቴክኖሎጂ» እያልን የምንፈራውን ነገር የድሬዳዋ ሰው ቱታውን አቆሽሾ ሲሠራው ኖሯል።

በነሐሴ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋ በር ላይ ሲደርስ መስመሩ ተቋርጦ ነበር። ተጠገነ፤ ባቡሩም ተመለሰ። ጦርነት ያልገደለው ባቡር በኋላ የሞተው በሌላ በሽታ ነው። ገንዘብ አጣ፤ መለዋወጫ አጣ፤ ሐዲዱ አረጀ፤ ሙያ ያላቸው ሰዎች አንድ በአንድ ጡረታ ሲወጡ በቦታቸው ወጣት አልገባም። በ2000 ዓ.ም. አካባቢ የአዲስ አበባና የድሬዳዋ መስመር ቆመ። ከድሬዳዋ ጅቡቲ ያለውም ጥቂት ተንገዳግዶ ተከተለው። «ባቡሩ አረጀ» ተባለ። አጎቴ ይህን ሲሰማ እስከ ዛሬ ይቆጣል። «ባቡሩ መቼ ወጣት ነበር? እኔ ስገባም አሮጌ ነበር። ያረጀው ባቡሩ አይደለም፤ ጠጋኙ ነው ያለቀው» ይላል።

መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር አዲስ አበባ ላይ ተመረቀ፤ መደበኛ አገልግሎት የጀመረው በ2010 ዓ.ም. ነው። ግንባታውም፣ ሎኮሞቲቩም፣ የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አስተዳደርም የቻይናውያን ነበር። በ2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ሠራተኞች ተረከቡት። ትልቁ ቁም ነገር ምረቃው ሳይሆን ርክክቡ ነው ባይ ነኝ። ምረቃ ላይ ሪባን ይቆረጣል፤ ርክክብ ላይ ግን መፍቻ ይቀባበላሉ።

አንድ ዕውቀት አገር ውስጥ ገባ የሚባለው በምን ይታወቃል? እኔ በቃሉ እለየዋለሁ። ሾፌርና ጋራዥ ከፈረንሳይኛ ናቸው። ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ፣ ችንጋ፣ ኩሽኔታ፣ ቶርኖ ከጣሊያንኛ ናቸው። ማንም መካኒክ ግን ባዕድ ቃል ተናገርኩ ብሎ አያስብም። ቃሎቹ ዘይት ነክቷቸዋል፤ ዜግነት አግኝተዋል። አሁን ግን የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ውስጥ ያሉትን ክፍሎች በአማርኛ ጥሩ ብትባሉ «ባትሪው» ከማለት በቀር ምን አለን? ሁሉን ነገር «ባትሪው» የምንል ከሆነ ሁሉን ነገር መለወጥ ግድ ይሆናል። የማትጠራውን ነገር አትጠግነውም።

እውነቱ ግን አጎቴ እንዳለው ነው። ትልቁ ባትሪ አንድ አይደለም። ብዙ ትንንሽ ሕዋሳት በየሳጥኑ ታስረው፣ ሳጥኖቹም ተሰልፈው የተሠራ ነው። በተከታታይ ስለታሰሩ የአንዱ ድካም የሁሉ ድካም ይሆናል። አንዱ ቀድሞ ሲያልቅ ኮምፒዩተሩ «አለቀ» ብሎ መኪናውን ያቆማል፤ የቀሩት ግን ገና ጉልበት አላቸው። ሠላሳ የነበረው በድንገት አምስት የሚሆነው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። ደካማውን ሳጥን ለክቶ ለይቶ መለወጥ የሚችል ሰው ካለ ወጪው ሌላ ነው። ሥራው ግን ቀልድ አይደለም። አብዛኛው ባትሪ 400 ቮልት ያህል ይዟል። ጓንት፣ መለኪያና ትምህርት የሌለው ሰው ብርቱካናማውን ገመድ ከነካ ሌላ ዕድል አያገኝም። በሎሚና በጸሎት የሚከፈት ሳጥን አይደለም።

ልጁ ከሁርሶ ከተመለስን በኋላ ጠያይቆ፣ ጠያይቆ አዲስ አበባ ውስጥ ባትሪ የሚከፍቱ ወጣቶች አገኘ። መኪናውን በጭነት መኪና አስጭኖ ወሰደው። ሲከፈት ከሳጥኖቹ ሁለቱ ደካማ ሆነው ተገኙ። ከተጋጨ መኪና የወጡ ተስማሚ ሳጥኖች ተፈልገው ተተኩ። የማስጫኛው፣ የዕቃውና የእጅ ዋጋው ተደምሮ መጀመሪያ ከተጠራለት ገንዘብ ሲነጻጸር በጣም ትንሽ ነው። ለአጎቴ ስልክ ደውሎ «ሁለት ብቻ ናቸው!» ሲለው ሽማግሌው የመለሰለት «የቀሩትም ያረጃሉ፤ ደብተር ግዛ» ብሎ ነው።

ይህቺ ደብተር ናት ይህን ጽሑፍ ያስጻፈችኝ። ወርክሾፕ ውስጥ እያንዳንዱ ሎኮሞቲቭ ስንት ኪሎ ሜትር ሲሄድ ምኑ እንደተለወጠ ይጻፍ ነበር። አጎቴ ለልጁ ያስተማረው ይህንኑ ነው። አሁን ልጁ በየቀኑ የሄደበትን ኪሎ ሜትር ይጽፋል፤ በልኩም ገንዘብ ያስቀምጣል። ሂሳቡ ቀላል ነው። ለምሳሌ የባትሪው ወጪ 600,000 ብር ይሆናል፣ መኪናውም እስከዚያ 200,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብንል በኪሎ ሜትር 3 ብር ይደርሳል። በቀን 100 ኪሎ ሜትር የሠራ ሰው 300 ብር የእርሱ አይደለም፤ የባትሪው ነው። የነዳጅ ወጪ ስለቀረልኝ አተረፍኩ ብሎ 300 ብሩን የበላ ሰው ትርፍ አልበላም፤ መኪናውን ነው ከሥር ከሥር የበላው። ልጁ ስሙን «የኪሎ ሜትር ዕቁብ» ብሎታል። ብቻውን የሚጥለው፣ ዕጣውም መቼ እንደሚወጣ የማይታወቅ ዕቁብ። የሃርትፎርድ ሰዎች በኩባንያ ያደረጉትን እርሱ በደብተር ያደርገዋል።

ግን ሁሉ ነገር በአንድ ልጅ ደብተር አያልቅም። መኪናውን በሺህ አስገብተን ጠጋኙን በጣት የምንቆጥር ከሆነ፣ የነዳጅ ዶላር ያዳንን መስሎን የባትሪ ዶላር እናወጣለን። አስመጪው መኪናውን ሲያስገባ መለዋወጫና መመርመሪያም አብሮ የማምጣት ግዴታ ቢኖርበት፣ የሙያ ማሠልጠኛዎቻችን ካርቡራተር የሚያስተምሩበትን ሰዓት ቀንሰው ስለ ባትሪ ቢያስተምሩ፣ ያገለገለ መኪና ሲሸጥ የባትሪው አቅም ተለክቶ በወረቀት ቢሰጥ ብዙ ልጆችን ከዕዳ ያድናል። ድሬዳዋ ደግሞ ለዚህ ባዳ አይደለችም። ከመቶ ዓመት በላይ የሰው አገር ማሽን ተቀብላ የራሷ ያደረገች ከተማ ናት።

በቅርቡ ልጁ ደውሎልኝ ነበር። አያቱን ከሁርሶ ወደ ድሬዳዋ ለሕክምና እያመጣው ነው። ከኋላ የአጎቴ ድምፅ ይሰማል። «ምን ይላል?» አልኩት።

«ኤሲውን ክፈተው ይለኛል» አለ እየሳቀ።

«ታዲያ ክፈትለታ!»

«ከፍቼለታለሁ። አሁን ደግሞ ደብተሩ ላይ ጻፈው እያለኝ ነው።»